የ1979 ካታሊና 22 የሸራ ጀልባዬ ዴክ (የላይኛው ወለሏ) ሲረገጥ ወደ ታች ይላል፣ ከላይ ልክፈተው ወይስ ኢፖክሲ በመርፌ ልሙላው?

የጣና ልጅ (ሜሪላንድ)

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ባለፈው መስከረም የ1979 ካታሊና 22 ከነተሳቢዋ በ1800 ዶላር ገዛሁ፣ ሸራዎቿ ደህና ናቸው ሞተሯም ይነሳል። ባህር ዳር ነው ያደግኩት፣ በሸራ የምትሄድ ጀልባ እንድትኖረኝ ከልጅነቴ ነው የምመኘው፣ አሁን ግቢዬ ውስጥ ቆማ ሳያት ራሱ ደስ ይለኛል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከምሰሶው በስተግራ ያለው ዴክ ላይ ስቆም እግሬ ስር ወደ ታች ይላል። ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ውስጥ ገብቼ ሳይ፣ ምሰሶውን ወደ ጎን የሚወጥሩት ሽቦዎች የሚታሰሩበት ብረት ስር እንደ ሻይ የጠቆረ ውሃ ወርዶ ግድግዳው ላይ መስመር ሰርቷል። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ትናንሽ ቀዳዳ እየበሳህ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚደነድን ማጣበቂያ) በሲሪንጅ ሙላው በቂ ነው ይላል፣ ሌላው ቆርጠህ ክፈተው ይላል። ጥገና ቤት ብጠይቅ ከገዛሁበት እጥፍ ጠሩብኝ ስለዚህ ራሴው ነው የምሰራው። ኪሏም (ከሆዷ ስር ወደ ውሃው የምትወርደው ከባድ ብረት) የምትታጠፈዋ ዓይነት ናት፣ ዝገቱ በእጅ ሲነካ እየተቀረፈ ይወርዳል። በግንቦት ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ላወርዳት አስቤያለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ማሂ ሲያትል

እንኳን ደስ ያለህ! መርፌውን ግን እባክህ እርሳው። እኔ የ1983ቷ አለችኝ፣ በመጀመሪያው ክረምት 40 ቀዳዳ በስቼ በሲሪንጅ ሞላሁ፣ በዓመቱ እንደገና ለስልሶ አገኘሁት፣ ምክንያቱም ኢፖክሲ እርጥብ እንጨት ውስጥ አይሰርግም፣ ቀዳዳው አካባቢ ብቻ ይደርቅና ሌላው እንደበሰበሰ ይቀራል። ዴኩ ከላይና ከታች ስስ ፋይበርግላስ ነው መሃሉ ኮምፔርሳቶ፣ ሶስቱ ተጣብቀው ሲይዙ ነው ሰው የሚሸከሙት። ውሃው የገባው ደግሞ ከለሰለሰው ቦታ ሳይሆን ከቡሎን ቀዳዳ ነው፣ አንተ ጋ በሩ ያ ሻይ ያየህበት ብረት ነው። እሱን ሳትዘጋ ዴኩን ብትጠግን ከሁለት ሶስት ዓመት በኋላ እዚሁ ትመለሳለህ።

መጀመሪያ በካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ዴኩን በየሁለት ጣቱ እየመታህ ሂድ። ደህናው ቋ ቋ ይላል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ዙሪያውን በእርሳስ አስምር፣ ከገመትከው በላይ ቢሰፋ አትደንግጥ። ከዛ የላይኛውን ፋይበር ብቻ ቁረጥ፣ የመጋዙን ጥልቀት 3 ወይ 4 ሚሊ ላይ እሰረው አለበለዚያ የካቢኑን ጣራ ትበሳዋለህ። ቆዳውን (የቆረጥከውን ፋይበር) በአንድ ቁራጭ አንስተህ አስቀምጠው፣ ተመልሶ የሚለጠፈው እሱ ነው። የኔን ስከፍት እንጨቱ ጠቁሮ እንደ ቡና አተላ ሆኖ በማንኪያ ነው ያወጣሁት። ደረቅና ጠንካራ እንጨት እስክታገኝ ጥረግ። ከዛ አድርቅ! ከላይ የላስቲክ ድንኳን ሰርቼ ፋንና ትንሽ ማሞቂያ አስገብቼ ሶስት ሳምንት ነው የተውኩት፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እዚህ ጋ የቸኮለ ሁለቴ ነው የሚሰራው።

አዲሱ እንጨት የጀልባ ኮምፔርሳቶ ይሁን፣ ውፍረቱ ከድሮው እኩል፣ ጠርዙን ጨምሮ ዙሪያውን ኢፖክሲ አጠጣው። ከዛ ኢፖክሲውን በሲሊካ ዱቄት እንደ ስቱኮ አወፍረህ ከስሩ ቀባና ክብደት ጫንበት፣ እኔ ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢቶች በላስቲክ ጠቅልዬ ደርድሬበት ነው ያደረው። ቆዳውን መልሰህ ስትለጥፍ መጋጠሚያውን ከግራም ከቀኝም እየሳሳ የሚሄድ ተዳፋት አድርገህ ሞርደው፣ ፋይበሩ 3 ሚሊ ከሆነ ተዳፋቱ ወደ 36 ሚሊ ይርዘም፣ ላዩ ላይ የፋይበር ጨርቅ በኢፖክሲ። ብርድ ላይ እንዳትሰራ፣ ከ10 ዲግሪ በታች ብዙው ኢፖክሲ በደንብ አይደርቅም። ሲያልቅ ቀለም የግድ ነው፣ ፀሐይ ኢፖክሲን ትበላዋለች።

የምጽዋው

ልጄ፣ እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ባህር ኃይል ውስጥ ነው ያገለገልኩት፣ «ኢትዮጵያ» መርከብ ላይ ዝገት በመዶሻ ስናራግፍ እንውል ነበር። ልጅቷ ስለ ዴኩ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ ስለ ኪሉ ልንገርህ። ያ ብረት 550 ፓውንድ ነው፣ ወደ 250 ኪሎ፣ የሚይዘው ደግሞ አንድ ፒንና አንድ የሽቦ ገመድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀልባዋን በደንብ አስደግፈህ ከተሳቢው ከፍ ሳታደርግ፣ ኪሉንም ክሪክና ግንድ ሳታስደግፍ ከስሩ እንዳትገባ፣ አደራ። ከዝገቱ በፊት ገመዱን እየው፣ ጓንት አድርገህ እጅህን አስኪድበት፣ አንድ ክር እንኳ ከያዘህ ቀይረው። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ኪሉ በሙሉ ክብደቱ ወድቆ የጀልባዋን ሆድ ሊሰብር ይችላል። ቀጥሎ የኪሉን ጫፍ ይዘህ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቀው፣ በጣም ከተንቀጫቀጨ ፒኑ ተበልቷል ወይም ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው።

ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም። ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ፍቀህ እዚያው ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን የኢፖክሲ አንቲረስት ቀባ፣ ለነገ ብታሳድረው ጠዋት ብርቱካን መስሎ ታገኘዋለህ። የድሮው የሆድ ቀለም መዳብ ያለበት መርዝ ስለሆነ ውሃ እያስነካህ ፈግፍገው፣ ማስክህንም አትርሳ።

የጣና ልጅ (ሜሪላንድ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉት አደረግኩ። ገመዱ ላይ ሁለት ክር ተበጥሶ ጓንቴን ያዘው፣ አዲስ አዝዣለሁ። ማሂ አንቺንም አመሰግናለሁ፣ መታ መታ ሳደርገው የለሰለሰው ከዛ ብረት ተነስቶ እስከ ምሰሶው እግር ሄዷል፣ ክንድ ተኩል ይሆናል። ማድረቅ ስትዪ ምን ትዝ አለኝ፣ እኛ ጋ የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሟታል፣ እስክትደርቅ ማንም አይነካትም ነበር። እንጨቱ በመጋቢት ካልደረቀ ግንቦትን እተዋለሁ፣ ወስኛለሁ።

ዮኒ ስቶክሆልም

ዴኩ ተከፍቶ ምሰሶው ከወረደ አይቀር ሽቦዎቹንም እያቸው። ጥጥ ይዘህ ከላይ እስከ ታች ሳብ፣ ጥጡ ከተያዘ ክር ተበጥሷል። ጫፍ ላይ ሽቦው የሚገባበትን ቱቦ በማጉያ መነፅር እይ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች አለቀ። መቼ እንደተቀየሩ ካልታወቀ እኔ ሁሉንም ነው የምቀይረው፣ ምሰሶ ሰው ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ማሂ ሲያትል

ጎበዝ! አንድ ነገር ረስቼ፣ የቡሎኖቹን ቀዳዳ አስፍተህ ብሳና ባወፈርከው ኢፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ መሃሉን በቡሎኑ ልክ እንደገና ብሳው፣ ያኔ ውሃ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። ማሸጊያው ቡቲል ቴፕ (እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ የማሸጊያ ጥቅል) ይሁን፣ ሲልከን እንዳትነካ፣ ቆይቶ ይለቃል ከዛ በኋላ ደግሞ ቦታው ላይ ምንም አይጣበቅም። ስታጠብቅ ቡሎኑን ከላይ አንድ ሰው በካቻቢቴ ይያዝልህ፣ አንተ ከታች ዳዶውን ብቻ አዙር፣ ቡሎኑ ከዞረ ቡቲሉን ያላቅቀዋል። በአንድ ቀን አትጨርሰው፣ ቡቲሉ በጎን ወጣ ወጣ እስኪል ትንሽ፣ በማግስቱ ትንሽ፣ እኔ አራት ቀን ነው የፈጀብኝ።