ልጄን ኤጀንሲ «ያለ ወላጅ ትምጣ» አላት፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። አንድ የሞዴሊንግ ኤጀንሲ ሰው በኢንስታግራም አግኝቷት ፎቶ ላኪ አላት፣ ላከች። አሁን ውል መጣ። ውጭ አገር ሁለት ወር ትሠራለች፣ ትኬቱንም ቤቱንም እኛ እንችላለን ይላሉ። እኔ አብሬያት ልምጣ ስል «አያስፈልግም፣ ልጆቹን የምታይ ሴት አለች» አሉኝ። እሷ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ የላትም። አባቷ ደግሞ «ዕድሏን አትዝጊባት» ይለኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።

የድሮ ሞዴል፦
እህቴ፣ እኔ የጀመርኩት በ16 ዓመቴ ነው። ሥራውን ወድጄው ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ያ «እኛ እንችላለን» ያሉሽ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ብድር ነው። ትኬቱ፣ የአልጋው ኪራይ፣ የሙከራ ፎቶው፣ ለደንበኛ የሚሰጠው የፎቶ ካርድ ሳይቀር በስሟ ይጻፋል። ስትሠራ መጀመሪያ ኮሚሽን ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ዕዳው። እኛ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ነበርን፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ። ኪራዩ ከየአንዳንዳችን ይቆረጥ ነበር፤ ቢደመር ደህና አፓርታማ ያከራያል። አንድ ሾው ሠርቼ በክፍያ ፈንታ ቀሚስ ተሰጠኝ። ቀሚስ ደግሞ ዕዳ አይከፍልም!

ከገንዘቡ የባሰው ግን ሌላ ነው። ዕዳ ያለባት ልጅ እምቢ ማለት ይከብዳታል። ወገብሽን ቀንሺ ሲሏት ምሳዋን ትተዋለች። ልብስ የምትቀይረው አዋቂዎች በሚተላለፉበት ኮሪደር ላይ ቢሆንም ዝም ትላለች። ያቺ «የምታይ ሴት» ደሞዟን የሚከፍላት ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ እስኪ።

ፎቶ አንሺ፦
የልጆች ልብስ ማስታወቂያ ሌላ ነገር ነው፤ እናት እዚያው ቁጭ ብላ በሁለት ሰዓት ያልቃል። ይሄኛው የአዋቂ ሥራ ነው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ከ18 በታች ያሉ ሞዴሎችን እንደ ሕፃናት ተዋንያን ነው የምታያቸው። የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከገቢዋም 15 በመቶ በስሟ ዝግ ሂሳብ ይገባል። ኤልቪኤምኤችና ኬሪንግ የሚባሉት ትልልቅ የፈረንሳይ ፋሽን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ደንብ ከ16 በታች የሆነ ልጅ የአዋቂ ልብስ አያሳይም። የ16 እና የ17 ዓመቶቹም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት አይሠሩም። ኬሪንግ በኋላ ዕድሜውን 18 አደረገው። እንግዲህ ትልልቆቹ 15 ዓመት አንፈልግም ካሉ፣ ልጅሽን ለማን ሊያሠሯት ነው? የደንበኞቹን ስም በጽሑፍ ጠይቂያቸው።

ጠያቂዋ እናት፦
ጠየቅኳቸው። «ዛሬ ማታ ካልፈረማችሁ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል» አሉ። አባቷ መልዕክቱን ሲያይ ውሉን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ማንበብ ጀመረ። አልፈርምም። ግን ፎቶዎቿ እነሱ ጋ ናቸው፣ ምን ላድርግ?

የድሮ ሞዴል፦
ጎሽ! አሁኑኑ «ፎቶዎቹን አጥፉ፣ ለማንም እንዳትሰጡ» ብለሽ በአንቺ ስም በኢሜይል ጻፊላቸው። ልጅቷ ተናዳ ቻቱን እንዳትደመስሰው ግን። አካውንቱን ሳይዘጉት ሁሉንም ስክሪንሾት አንሺው።