ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ገጠመኝ፤ በጋዝ መፍለጥ ይቻላል?

ባለጉድጓዱ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ጀመዓ። ግቢዬ ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ እያስቆፈርኩ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ላይ የኖራ ድንጋይ ገጠመን። ቆፋሪዎቹ ሦስት ቀን ታግለው አንድ ክንድ አልወረዱም። የጎረቤት ግድግዳ አራት ሜትር ላይ ስላለ ድማሚት አይታሰብም። አንድ ወዳጄ «ፈረንጆቹ የድንጋይ ከሰል የሚፈልጡት በጋዝ ነው» ብሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር አመጣልኝ። ይሠራል?

ብየዳ ቤት፦
አቦ፣ ሲሊንደሩን ከፀሐይ አንሳው መጀመሪያ!

የድሮ ፋብሪካ ሰው፦
ወዳጅህ አልዋሸም፣ ግማሹን ነው የነገረህ። ዘዴው ካርዶክስ ይባላል። በፈረንጅ 1930ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከሰል ማውጫዎች ይሠራበት ነበር። ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ወፍራም የብረት ቱቦ ከሰሉ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ይገባል። በኤሌክትሪክ የሚለኮስ ማሞቂያ ፈሳሹን ባንዴ ጋዝ ያደርገዋል። ግፊቱ ጫፉ ላይ ያለችውን ክዳን በጥሶ ይወጣና ከሰሉን ይገነጥለዋል። ነበልባል ስለማይወጣ ሚቴን (በእሳት የሚፈነዳ ጋዝ) ባለበት ዋሻ ከድማሚት ይሻላል። ከሰሉም ዱቄት አይሆንም፣ በትልልቁ ይወርዳል። ኤርዶክስ የሚባለው ተመሳሳይ ዘዴ ደግሞ የሚጠቀመው በጋዙ ፈንታ የታመቀ አየር ነው፣ ከተራው አየር 700 እጥፍ ገደማ ግፊት ያለው። ካርዶክስ ዛሬም ሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ነገር ለማስለቀቅ ያገለግላል።

ያንተ ነገር ግን ሌላ ነው። ከሰል በተፈጥሮው የተሰነጣጠቀ ነው፣ የሚወድቅበት ክፍት ፊትም አለው። ያንተ ድንጋይ ዙሪያውን ታስሯል። ቱቦው በደንብ ካልተያዘ ራሱ እንደ ጥይት ይወጣል። ደግሞ ይህ ጋዝ ከ31 ዲግሪ በላይ ፈሳሽ ሆኖ አይቀመጥም። የድሬን ቀትር ታውቀዋለህ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ይንራል። ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ የወረደው ሰው ሳያውቀው ይታፈናል። በቤት ብልሃት የሚሞከር አይደለም።

ባለጉድጓዱ፦
እሺ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?

ድንጋይ ጠራቢው፦
ወንድሜ፣ ኮምፕረሰርና መብሻ ተከራይ። መጀመሪያ መሐሉን አስበሳና አስወጣ፣ ድንጋዩ የሚሸሽበት ቦታ ያግኝ። ከዚያ በየስንዝሩ ቀዳዳ በመስመር። እያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ቀጭን ብረት ግራና ቀኝ፣ መሐላቸው ሽብልቅ። አንዱን ብቻ አትቀጥቅጥ፣ ተራ በተራ ምታቸው። ድምፁ እየቀጠነ ይሄድና ድንገት ሲደፈን ስንጥቁ ሄዷል ማለት ነው። አትቸኩል። የኮምፕረሰሩ ሞተር ከጉድጓዱ ይራቅ፣ ጭሱ ወደ ታች እንዳይገባ።

ሳቢያን፦
ቀዳዳ ውስጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚፈስ፣ እያበጠ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ዱቄትም አለ። ድምፅ የለውም። ግን በሙቀት ከቀዳዳው ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። ካገኘኸው ለሙቀት የሚሆነውን ዓይነት ጠይቅ፣ አመሻሽ ላይ ሙላ፣ ቀዳዳውን አጎንብሰህ አትይ።

ባለጉድጓዱ፦
ሽብልቁ ይሻለኛል። ሲሊንደሩን ለወዳጄ መለስኩለት፣ ተቀይሟል። መብሻ የሚያከራይ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።