በሥራ ሰዓት መንቀሳቀስ በመመሪያ ይደንገግ?

የክርክሩ ነጥብ፦ የባሕር ዳር መሥሪያ ቤቶች ለቢሮ ሠራተኛ የእንቅስቃሴ እረፍት በመመሪያ ይስጡ ወይስ ነገሩ ለሠራተኛው ይተው?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ በመመሪያ ይሁን። የጭንና የባት ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ከደም የሚወስደው ስኳር ይቀንሳል፤ በተለይ ከምሳ በኋላ። በየ30 ደቂቃው 2 ወይም 3 ደቂቃ ኮሪደር ለኮሪደር መራመድ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ያደርገዋል። ቆሞ መሥራት ብቻ ግን ብዙም አይጠቅም። መውጣት ያልቻለ እጁን ሳይደገፍ ከወንበሩ 10 ጊዜ ይነሣ፣ ይቀመጥ።

የሰው ሀብት ባለሙያው፦ እህቴ፣ ከዘጌ በጀልባ የመጣ ባለጉዳይ መስኮት ላይ ቆሞ ሠራተኛው ኮሪደር ይዙር? ደግሞ እረፍቱ ማኪያቶ ላይ እንደሚያልቅ አንቺም ታውቂዋለሽ።

የስፖርት ሳይንስ መምህሩ፦ ዋናውን ሒሳብ ዘለላችሁት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፤ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን የማያስችል ዓይነት። ከ10 ደቂቃ በታች አይቆጠርም የሚለውም ቀርቷል። ቀኑን 8 ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ደግሞ ጉዳቱን የሚያካክሰው በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ነው። ይህ ከቢሮ እረፍት አይገኝም፣ ከመንገድ እንጂ። 2 ኪሎ ሜትር ፈጠን ብሎ መራመድ 25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ በ5 ቀን 250 ደቂቃ። ባጃጅ የበላብን እሱን ነው። ከተማው ለጥ ያለ፣ ለብስክሌት የተመቸ፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ የአባይ ድልድይ እንኳ የብስክሌት መስመር አለው!

የሰው ሀብት ባለሙያው፦ በሚያዝያ ፀሐይ? ሸሚዙ በላብ ርሶ? ብስክሌትስ ጉልበት ያማል ይላሉ።

መምህሩ፦ ጠዋት ገና አልሞቀም፤ ሸሚዙን በቦርሳ ይያዝ። ጉልበት ብዙ ጊዜ የሚያመው ኮርቻው ዝቅ ሲል ነው፤ እዚህ አብዛኛው ሰው እግሩ መሬት እንዲነካለት ብሎ ዝቅ አድርጎ ይነዳል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ ተጭኖበት ጉልበት ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግር መዳፍ ፊት ሲነዱት ትንሽ እጥፍ ይላል፤ ልኩ እሱ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከሩቅ በታክሲ ለሚመጣውና ወገቡ ለያዘው ይህ መልስ አይሆንም። መስኮት ላይ ያሉት በፈረቃ ይነሡ፤ አንዱ ሲራመድ ጎኑ ያለው ወረፋውን ይሸፍን።

የሰው ሀብት ባለሙያው፦ ፈረቃው ያስኬዳል። በመመሪያ መሆኑን ግን አሁንም አልቀበልም፤ መጀመሪያ ጊቢ ውስጥ ጥላ ያለው የብስክሌት ማቆሚያ ይሠራ።