በእርግዝና ጊዜ የወሰድኩት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይበቃኛል?

ትናንት ጠዋት በረት ስጠርግ የዛገ ሚስማር ጫማዬን በስቶ የግራ ውስጥ እግሬን ወጋኝ፤ ቁስሉ ጠባብ ቢሆንም ጥልቅ ነው። ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ አጠብኩት፤ እስካሁን ትኩሳትም ሆነ የመንጋጋ መጨምደድ የለኝም።

ዕድሜዬ 34 ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰድኩት በ2009 ዓ.ም. ልጄን ሳረግዝ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱን መርፌዎች በአራት ሳምንት ልዩነት ከተወጋሁ በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚሰጠውን ሦስተኛውን ሳልወስድ ቀርቻለሁ። በልጅነቴ ስለመከተቤም ማስረጃ የለኝም።

በአቅራቢያችን ያለው ጤና ኬላ የእርግዝናው ክትባት ይበቃሻል ብሎ መለሰኝ፤ እኔ ግን አልተረጋጋሁም፤ ምክንያቱም አፈርና እበት የነካው ቁስል ሲሆን ከመጨረሻው ክትባት አምስት ዓመት ካለፈ ማጠናከሪያ እንደሚያስፈልግ፣ ከሦስት ጊዜ በታች ለተከተበ ሰው ደግሞ ከክትባቱ ጋር የበሽታውን መርዝ የሚያከሽፍ ሌላ መርፌ እንደሚሰጥ አንብቤአለሁ። ጤና ጣቢያው ክትባቱ ብቻ አለው፤ ሁለቱም የሚገኙበት ሆስፒታል በመኪና ሦስት ሰዓት ይርቃል።

ስለዚህ በጤና ጣቢያው ክትባቱን ብቻ ብወስድ ይበቃኛል ወይስ ለሁለተኛው መርፌ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታሉ መሄድ አለብኝ?