ፓወር አውቶሜት ላይ የሠራሁት ፍሎው ራሱን እየቀሰቀሰ ነው፣ እንዴት ላስቁመው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ቢሯችን ውስጥ የግዢ ጥያቄ ለፊርማ በወረቀት ሲንከራተት አይቼ በፓወር አውቶሜት (ሥራን በራሱ የሚያስኬድ የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ሠራሁት። ሠራተኛው ሼርፖይንት ሊስት (የጋራ ኦንላይን ሠንጠረዥ) ላይ ዕቃውንና ዋጋውን ይሞላል፣ ፍሎው (ያቀናበርኩት በራሱ የሚሄድ የሥራ ቅደም ተከተል) ለሥራ አስኪያጁ ቲምስ (የቢሮ መልእክት መላላኪያ) ላይ የማጽደቂያ ጥያቄ ይልካል፣ እሳቸው ሲያጸድቁ ስታተሱን «ጸድቋል» ብሎ ይቀይረዋል። ትሪገሩ (ፍሎውን የሚያስነሳው) አይተም፣ ማለትም የሊስቱ አንድ መስመር፣ ሲፈጠርም ሲስተካከልም የሚነሳው ነው፣ ምክንያቱም ሰው ዋጋ ከቀየረ እንደገና መጽደቅ አለበት፣ ይሄን መተው አልችልም፣ ፋይናንስ ያለዚህ አይከፍልም።

ችግሩ ፍሎው ራሱ ስታተሱን ሲቀይር እሱም እንደ ማስተካከያ ይቆጠርና እንደገና ይነሳል፣ ትናንት ለ1 የፕሪንተር ቀለም ሥራ አስኪያጁ 6 ጊዜ አጸደቁ፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ሲፈጠር ብቻ በሚነሳው ትሪገር ስቀይረው ቆመ ግን የዋጋ ለውጥ አያይም። ስታተሱ «ጸድቋል» ከሆነ እንዳይነሳ ትሪገር ኮንዲሽን (የመነሻ ቅድመ ሁኔታ) አስገባሁ፣ መደጋገሙ ቀረ፣ ግን ከጸደቀ በኋላ ዋጋ የሚቀይር ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። ፍሎው የሚሠራው በኔ አካውንት ነው፣ እኔም ሊስቱን በእጄ አስተካክላለሁ፣ ስለዚህ ያስተካከለው እኔ ልሁን ፍሎው በአካውንቱ አይለይም።

ለፍሎው ብቻ የሚሆን ሌላ አካውንት ከፍቼ በሱ የተስተካከለውን እንዲዘለው ላድርግ፣ ወይስ የጸደቀውን ዋጋ ሌላ ኮለም ላይ አስቀምጬ ከአዲሱ ጋር ባወዳድረው ይሻላል?