ዴንቨር ለሚሄደው ልጅሽ፦ ደረቅ መጥረጊያ አይንካ

"ልጄ ዴንቨር ሊሄድ ነው፣ እዚያ ከአይጥ የሚመጣ ገዳይ በሽታ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ።

አዎ አለ። ሀንታ ቫይረስ ይባላል። እኔ ዴንቨር ባለችበት በአሜሪካው ኮሎራዶ ግዛት ነው የምኖረው፤ አሁን ባህር ዳር እናቴ ቤት ነኝ። ትናንት ጤፍና የዘጌ ቡና ከሚቀመጥበት ክፍል ጆንያ ስናነሳ የአይጥ ኩስ አገኘን። እማዬ ወዲያው መጥረጊያ አነሳች። ሁላችንም ያደግነው እንደዚያ ነው። እዚያ አገር ግን ሰው የሚታመመው በዚህ ነው። ኩሱና ሽንቱ ደርቆ ሲጠረግ ከአቧራው ጋር ይቦናል፣ በትንፋሽ ይገባል።

በሽታው እዚያ የታወቀው በፈረንጆቹ 1993 ነው፣ ኮሎራዶ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ አሪዞናና ዩታ በሚገናኙበት አካባቢ። ዝናብ በዝቶ፣ የዱር ፍሬው ሞልቶ፣ አይጦቹ ተባዝተው ነበር። ዋናዋ አስተላላፊ የገጠር አይጥ ናት፤ ሆዷ ነጭ፣ ዓይኗ ትልልቅ። በ2012 ደግሞ ካሊፎርኒያ ዮሰማይት ፓርክ ለሽርሽር ከሄዱት 10 ሰዎች ተይዘው 3ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ ያደሩት አይጥ ግድግዳው ውስጥ በገባችበት የድንኳን ማረፊያ ነበር።

ስለዚህ የከተማው አፓርታማ ብዙ አያስጨንቅሽ። የሚያሰጋው ብርዱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ጋራዥ፣ ዕቃ ቤት፣ የተራራ ጎጆ ነው። በርና መስኮቱን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆይ። ጓንት ያድርግ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ኩሱን ያርሰው፣ 5 ደቂቃ ይጠብቅ፣ በሶፍት አንስቶ በፌስታል አስሮ ይጣለው። ቫኪዩምም አይሆንም።

ምልክቱ ከ1 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ትኩሳት፣ ድካም፣ የጭንና የወገብ ቁርጥማት፤ ከቀናት በኋላ ሳልና የትንፋሽ ማጠር። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ከ10 ሰው ወደ 4ቱ ይሞታሉ። የራሱ መድኃኒት የለውም፤ ቶሎ ሆስፒታል መግባት ግን ሕይወት ያተርፋል። እዚያ ያለው ዓይነት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ 8 ሳምንቱ ነው። ልጅሽ እዚያ ጋራዥ አጽድቶ፣ ለገና መጥቶ ቢያተኩሰው ሁላችንም "ወባ ነው" እንላለን። ወባው ይመርመር፣ ጣና ዳር ነንና። ግን አይጥ ያለበት ቤት ማጽዳቱንም ለሐኪሙ ይንገር። ከዚህ ተመልሶ ዴንቨር ላይ ቢያተኩሰውም እንደዚሁ፤ የዚያ ሐኪም ወባ ቶሎ ትዝ አይለው ይሆናል። "ወባ ካለበት አገር ነው የመጣሁት" ይበል፣ የተመለሰበትንም ቀን ይንገር።