ኤዲኤችዲ ላለበት ልጄ ምን ዓይነት መጫወቻ ልግዛ?
ሰላም ለሁላችሁ። የ7 ዓመት ልጄ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረጋ ብሎ የመቀመጥ ችግር) እንዳለበት ከተነገረን ጥቂት ወራት ሆነን። ልደቱ እየደረሰ ነው፤ ምን እንደምገዛለት ግን ግራ ገብቶኛል።

መብራት ያለውና የሚጮህ መኪና ገዝቼለት ነበር። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየበትም፤ ጭራሽ ተቅበጠበጠ። በጣት የሚሽከረከረውን መጫወቻም ሞከርን። እሱን ሲያይ የቤት ሥራውን ረሳው።

የመጫወቻ ሊጥ ሲይዝ ግን ሌላ ልጅ ነው። ትናንት ተረት ሳነብለት ሊጡን እየጨመቀ፣ እያድቦለቦለ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ቀበሮዋ ምን እንዳደረገች ስጠይቀው ግን አንድም አልሳተም። እንባዬ መጣ።

አሁን በሁለት ነገር መሃል ተወጥሬያለሁ፦ የሚገጣጠሙ ብሎኮች ወይስ ትንሽ ትራምፖሊን (ላዩ ላይ የሚዘለልበት)? ብሎኩ ቁርጥራጩ ከበዛ ተናዶ እንዳይበትነው እፈራለሁ። ትራምፖሊኑ ጉልበቱን ያወጣበታል፤ ግን ማታ እንቅልፍ ቢነሳውስ?

መጫወቻ ሕክምናን እንደማይተካ አውቃለሁ፤ ክትትሉንም አላቋረጥንም። ከእህቱ ጋር ተራ ጠብቆ የሚጫወተው፣ ቶሎ የሚያልቅ ጨዋታም እፈልጋለሁ። እንደኔ ዓይነት ልጅ ያላችሁ፣ እናንተ ቤት ከሳምንት በላይ የቆየው መጫወቻ የትኛው ነው? እባካችሁ ንገሩኝ።